አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው?

አንጻራዊ እርጥበት «በአየር ውስጥ ያለ የውሃ መጠን» ተብሎ ሲተረጎም ደጋግሜ ስላየሁ፣ የቆዩ የብረት ቅርሶችን በመንከባከብ እንደሚተዳደር ሰው ዝም ማለት አልሆነልኝም። ቃሉ የሚናገረው አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውሃ ስንት እጁን እንደያዘ ነው።

አየሩን ሲሞቅ የሚሰፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠብብ እንስራ አድርገን እንቁጠረው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን ከ9 ግራም ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ቀን በ20 ዲግሪ 60 በመቶ የሞላው እንስራ፣ ሌሊት ሙቀቱ 10 ዲግሪ ድረስ ከወረደ አንዲት ጠብታ ሳትጨመርበት ይፈሳል፤ የሚያርፈውም ቀድሞ በቀዘቀዘው ነገር ላይ ነው፣ ብዙውን ጊዜም በብረቱ።

አንድ አስተያየት ሰጪ «በላስቲክ ለታሸገ ብረት እርጥበት ከየት ይመጣል?» ብለው ይሞግታሉ። ከዚያው ከውስጥ ነዋ! ባለፈው ክረምት አንድ ቤተሰብ ከአርበኛ አያታቸው የወረሱትን፣ መተኮስ ካቆመ የቆየ ውጅግራ ጠመንጃ በወፍራም ላስቲክ እንደተጠቀለለ አምጥተው አሳዩኝ። ሲፈታ የላስቲኩ ውስጥ አልቦት ነበር፤ አፈሙዙ ደህና ሆኖ ሳለ የቆዳው ማንገቻ የነካው ቦታ ቀይ ቅርፊት አውጥቷል። እንጨቱና ቆዳው በዝናቡ ወራት የጠጡትን ውሃ መልሰው ተፍተውታል፤ እንስራው ተከደነ እንጂ ባዶ አልነበረም። ጎራዴ ከአፎቱ ወጥቶ ይቀመጥ የምንለውም ስለዚሁ ነው። ከጫማ ካርቶን የምትገኘው እርጥበት መጣጭ ሲሊካ ጄልም ከእንስራው የምትጨልፍ ቅል ናት፤ ከሞላች በኋላ በሙቀት ደርቃ ካልተመለሰች አትጨልፍም።

«አንጻራዊ እርጥበቱ ከ60 በመቶ በታች ከሆነ አይዝግም» የሚባለውም ለንጹሕ ብረት ካልሆነ አይሠራም፤ የእጅ ላብ ጨው ወይም የጥቁር ባሩድ ቅሪት ያለበት ብረት ከዚያ በታችም ይዝጋል፤ ጓንት የምናጠልቀው ለወግ አይደለም። ቅቤ መቀባትም አይረዳም፤ ሲቆይ የሚፈጥረው አሲድ ራሱ ብረት ይበላል።

ቤተሰቡ ቅርፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ሊፈገፍጉት አስበው ነበር፤ ከሥሩ ያለውን የፋብሪካ ማኅተምና ቁጥር አብሮ ስለሚያጠፋው ከልክያቸዋለሁ።