«ውስብስብ» የድኅረ አሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ምንድን ነው?

በልጅነታቸው ለዓመታት ጥቃት ወይም ችላ መባል የደረሰባቸው ሰዎች ይህን ስያሜ ከሐኪም ሲሰሙ ሕመማቸው የማይድን መስሏቸው ይደነግጣሉ፤ ስያሜው ግን የምልክቶቹን ስፋት እንጂ ተስፋ መቁረጥን አያመለክትም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛ የበሽታዎች ምደባ መሠረት፣ ያለፈውን አሁን እንደሚፈጸም አድርጎ መኖር፣ አስታዋሽ ነገሮችን መሸሽ እና የማያቋርጥ ሥጋት (የተለመደው የድኅረ አሰቃቂ ክስተት ጭንቀት ምልክቶች) ባሉበት ላይ ስሜትን መግዛት ሲያዳግት፣ ራስን ዋጋ ቢስ አድርጎ ማየት ሲጸና እና ከሰው ጋር መቀራረብ ሲከብድ «ውስብስብ» ይባላል።

በር በኃይል ሲዘጋ ልቡ የሚመታና እጁ የሚቀዘቅዝ ጎልማሳ ደካማ አይደለም፤ ሰውነቱ በልጅነቱ የተማረውን መከላከያ እየደገመ ነው። በዚያች ቅጽበት እግርን ወለሉ ላይ አጽንቶ፣ በዓይን የሚታዩ አምስት ነገሮችን በስማቸው እየጠሩ፣ ትንፋሽን ከወሰዱበት ጊዜ አስረዝሞ ቀስ ብሎ ማስወጣት ብዙዎችን ወዳሉበት ሰዓት ይመልሳል። የቆዩ ትዝታዎችን ብቻን ሆኖ በዝርዝር መቆፈር ግን ሊያባብስ ስለሚችል፣ በእኔ እምነት ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ቢደረግ ይሻላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ በዚያው ቀን ለሚታመን ሰው መንገርና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።