መኪና ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ልብስ ሰፊ «የስፌት መኪና እሸጣለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። አንዱ ከሥሩ ገብቶ አረመው። «መኪና ማለት ጎማ ያለው ነው። ቃሉ የጣሊያን ነው፣ ትርጉሙም አውቶሞቢል ነው። የስፌት ማሽን በል!» ብዙ ሰው አጨበጨበለት። ይህን እርማት ስንት ጊዜ አንብቤ ዝም እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ግን አልቻልኩም።

ሲጀመር መኪና እና ማሽን አንድ ቃል ናቸው። ሁለቱም የላቲኑ «ማኪና» ልጆች ናቸው። አንዱ በጣሊያንኛ በኩል መጣ። ሌላው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ዞሮ ደረሰ። አራሚያችን አንዱን ወንድም ከደጅ መልሶ ሌላውን «ግባ» አለው።

ለመሆኑ ጣሊያኖቹ የስፌት መኪናን ምን ይሉታል? «ማኪና ዳ ኩቺሬ»። ቃል በቃል የስፌት መኪና! የጽሕፈት መኪናውም «ማኪና ዳ ስክሪቬሬ» ነው። ፎቶ ማንሻውም ማኪና ነው። «ማኪኒስታ» ሲባል የሚመጣላቸው ባቡር ነጂ እንጂ የቤት መኪና ሾፌር አይደለም። እርግጥ ነው፣ ጣሊያናዊ «ማኪናዬን አቆምኩ» ካለ መኪናውን ነው። ይህ የሆነው ጠቅላላው ስም በየመንገዱ ለሚታየው ለአንዱ ዕቃ ስለተሰጠ ነው። እኛስ «መሣሪያ ይዟል» ሲባል ጠመንጃ አይደል የሚታየን? ሆኖም የሙዚቃ መሣሪያ ያዘለን ሰው «ተሳስተሃል፣ መሣሪያ የሚተኩስ ነው» የሚል ሰው አልገጠመኝም።

እኔ ነገሩን የማየው በእርሾ ነው። አንድ እርሾ ሰፈሩ ይካፈለዋል። አንዷ እንጀራ ትጋግርበታለች፣ አንዷ ዳቦ ትደፋበታለች። «እርሾው የእንጀራ ነበር፣ ዳቦሽ ስህተት ነው» የሚል የለም። ላቲን ራሱ እርሾውን የተበደረው ከግሪክ ነው። እዚያ ቃሉ ብልሃት፣ ዘዴ ማለት ነበር። ሮማውያን ከባድ ዕቃ ማንሻውንም፣ የከተማ ቅጥር መደብደቢያውንም፣ ተንኮልንም ማኪና አሉ። በስፓኒሽ «ማኪናር» ዛሬም ማሴር ነው።

እዚያው ስፓኒሽ ውስጥ ማኪና ማንኛውም ማሽን ነው። ለመኪና ስፔኖች «ኮቼ» ይላሉ፣ ብዙው ላቲን አሜሪካ ደግሞ «ካሮ»። ኩባ ላይ ግን መኪና ማኪና ይባላል፤ ኩባ የተማረ ዘመድ ካላችሁ ጠይቁት። ፈረንሳዮች መኪናን «ቯቱር» ብለው «ማሺን»ን ለሌላው ማሽን ሁሉ ትተውታል። ከማሺን የወጣ «ማሻን» የሚባል ቃልም አላቸው። ስሙ ለጠፋብን ነገር የምንለው የእኛው «እንትን» ማለት ነው። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል እ.ኤ.አ. በ1960 የተባበሩት መንግሥታትን በንቀት «ማሻን» ብለውታል።

ጣሊያንኛና ሮማኒያኛ ላይ እርሾዬ ትንሽ ያስቸግረኛል። ሁለቱም ቤት አሮጌው ማሰሮ አለ። በጣሊያንኛ «ማቺና» የወፍጮ ድንጋይ ነው። ሮማኒያኛው «መቺና» መፍጨት ነው። እነዚህ ከእናት ወደ ልጅ በአፍ የወረዱ ናቸው፣ ድምፃቸውም መንገድ ላይ ተለውጧል። ጣሊያንኛው ማኪና («ኪ» ይጠብቃል) ግን የተማሩ ሰዎች ኋላ ከላቲን መጻሕፍት የቀዱት ነው። ቤት ውስጥ እርሾ እያለ አያት ቤት ሄዶ እንደገና እንደመቅዳት ቁጠሩት። ሮማኒያዎች ደግሞ ከፈረንሳይኛና ከጀርመንኛ ተበድረው «ማሺነ» አሉ። እነሱ ጋ መኪናውም ልብስ ማጠቢያውም ማሺነ ነው። በጣም የምወደው ግን ይህ ነው፦ ጣሊያኖች የቡና መፍጫን «ማቺኒኖ» ይሉታል። ያረጀችና እየተንኳኳች የምትሄድ መኪናንም በቀልድ ማቺኒኖ ይሏታል። ተለያይተው ያደጉት ወንድማማቾች መንገድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

ቡና ከተነሳ አይቀር፣ «ማኪያቶ በማሽን ስለሚፈላ ነው እንዲህ የተባለው» የሚል ሰውም አይቻለሁ። አይደለም። ማኪያቶ «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ነው። ሥሩ የላቲኑ «ማኩላ»፣ ነጠብጣብ ነው። በእኛ ሙያ፣ በቃላት ታሪክ ጥናት፣ መመሳሰል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ የድምፅ ሕግ ይጠየቃል። የላቲን «ክል» በጣሊያንኛ «ኪ» ይሆናል። ቁልፍ ማለት የሆነው «ክላቪስ» «ኪያቬ» ሆኗል። ማኩላም በአፍ ሲጠራ «ማክላ»፣ ከዚያ «ማኪያ» ሆነ። የስፓኒሿ እህቱ «ማንቻ» ናት፣ ዛሬም እድፍ ማለት ናት። ከመኪና ጋር ዝምድና የላቸውም።

ዘመድ ከፈለጋችሁስ መካኒክ አለላችሁ። እሱም ከዚያው ከግሪኩ ማሰሮ ነው። «መካኒኩ የመኪናዋን ማሽን አወረደ» ስትሉ አንዱን እርሾ ሦስት ጊዜ ጠራችሁ።

ይህን ሁሉ ልጽፍለት ወደ ማስታወቂያው ተመለስኩ። ልብስ ሰፊው አርሞታል። «የስፌት ማሽን እሸጣለሁ» ይላል።