"(1 ስፌት፣ 1 ጭማሪ) × 6 = 18" ሲባል ምን ማለት ነው?

በኪሮሽ ትንሽ ድብ ልሥራ ብሎ የተነሣ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የአሠራር መመሪያው ውስጥ እዚህ መስመር ላይ ግራ ይጋባል። 18ቱ ተጨማሪ ሥራ አይደለም። ዙሩ ሲያልቅ ሊኖራችሁ የሚገባው የስፌት ብዛት ነው። በቅንፍ ያለው ደግሞ 6 ጊዜ ይደጋገማል።

ጭማሪ ማለት አንድ ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ስፌት መሥራት ነው። ስለዚህ ቅንፉን አንዴ ስትጨርሱ ከሥር ባሉት ሁለት ስፌቶች ላይ ሦስት ወጥቷል። ከሥር 12 ነበር፣ አሁን 18 ሆነ። ቀጣዩ ዙር 24 ነው።

ቆጥራችሁ 17 ከመጣ አንድ ጭማሪ ዘላችኋል ማለት ነው። "ማን ያየዋል" ብሎ ማለፍ ያምራል፤ ድቡም ላይ ላይታወቅ ይችላል። ግን የቀጣዩ ዙር ሒሳብ አልገጥም ይላል። ፍቱት፣ አንድ ዙር ነው። ሥራው እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ የዙሩ መነሻም በቀላሉ ይጠፋል፤ የመጀመሪያው ስፌት ላይ ሌላ ቀለም ክር ጣል አድርጉበት።