ታማሚን ከሆስፒታል አውጥቶ ቤት ማስታመም

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝቶ የሚታከም ሰው አጠገቡ አስታማሚ አይጠፋም። ምግብ የሚያቀርበው፣ ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጠው፣ ሌሊት የሚያገላብጠው አስታማሚው ነው። ታማሚው ሲወጣ ደግሞ የነርሷን ሥራ ጭምር ተረክቦ ቤት ይገባል። ስለዚህ ከሆስፒታል ለመውጣት መዘጋጀት ማለት ከሁሉ በፊት አስታማሚውን ማዘጋጀት ነው። «ዛሬ ትወጣላችሁ» የሚባለው ግን ብዙ ጊዜ ጠዋት በሐኪሞች ዙር ላይ ነው፤ የቀረው ሰዓት በሒሳብ ክፍልና በመድኃኒት ቤት መስኮት ያልቅና ትምህርቱ ይቀራል። የመውጫው ቀን ባይታወቅም ገና ታማሚው በተኛ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን «ቤት ሲገባ ምን ያስፈልገዋል? ማንስ ያደርግለታል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ቤት የሚቀጥለውን ሥራ ሁሉ አስታማሚው ነርሷ እያየችው ሁለት ሦስት ጊዜ በገዛ እጁ ይሥራው። ማየት ብቻውን አያስተምርም። በአፍንጫ ቱቦ የሚመገብ ሰው ሲመገብና ከበላም በኋላ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ከወገቡ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ማለት አለበት። ቱቦው አፍንጫው ጋ ሲደርስ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበት፤ ምልክቱ ወደ ውጭ ከተንሸራተተ ምግብ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። የሽንት ቱቦ ያለው ሰው ከረጢቱ ምንጊዜም ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። ስህተቱ በብዛት የሚፈጸመው ገና ወደ ቤት ሲሄዱ ነው፦ ሚኒባስ ውስጥ ከረጢቱን ታማሚው ጭን ላይ ያስቀምጡታል፣ የቆየው ሽንት ወደ ፊኛ ይመለሳል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል። ከመሳፈር በፊት ከረጢቱን መድፋት፣ ከዚያም ጉልበት በታች ማንጠልጠል ነው።

የመውጫ ማጠቃለያው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ይዘቱን በአማርኛ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ፣ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሯቸው፣ ጻፉትም። በሽታው ምን ነበር? ምን ተደረገ? የትኛው አሮጌ መድኃኒት ቆመ? የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ አይዘለል፤ ቤት ያለው የድሮ ክኒንና አዲሱ ስማቸው ይለያይ እንጂ አንድ መድኃኒት ሊሆኑ ይችላሉ። ሰዓትም ያሳስታል። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለውን «በ8 ሰዓት» ብሎ ሰምቶ በቀን አንዴ ብቻ የሚውጥ ሰው አለ። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ብሎ በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ መጻፍ ይህን ያስቀራል። የቀጠሮ ቀንም እንዲሁ፦ 5/3 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ ኅዳር 5 ነው፣ በፈረንጆች ግን ማርች 5 ነው፣ በእኛ የካቲት መጨረሻ ላይ ይውላል። የወሩን ስም አስጽፉ።

ሆስፒታሎች ውስጥ የሊያዘን ቢሮ የሚባል አለ። አልጋ የሚመድበው፣ ሪፈር የሚልከውና የሚቀበለው እሱ ነው። ታማሚው ከሩቅ የመጣ ከሆነ ክትትሉ ወደ ቀዬው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ እንዲተላለፍ እዚያ መጠየቅ ይቻላል። ስፌት ለማስፈታት ብቻ (ለሆድ ቁስል ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጠበቃል) በአውቶቡስ ቀን ሙሉ መጓዝ አያስፈልግም፤ ጤና ጣቢያ ይፈታዋል፣ ወረቀት ይዞ መሄድ ነው። በገጠር በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ ታማሚው ቤት እንደገባ አንድ ሰው ጤና ኬላ ሄዶ ቢነግራቸው ቤት ድረስ መጥተው ሊያዩት ይችላሉ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ደግሞ ለቀጣዩ ቀጠሮ አዲስ የሪፈር ወረቀት ያስፈልገው እንደሆነ ከመውጣቱ በፊት ያጣራ፤ መታወቂያውም የዓመቱ እድሳት እንዳያልፍበት ይይ። መዋጮው በየዓመቱ ነው፤ ታማሚው ተኝቶ ሳለ የእድሳት ጊዜው ቢያልፍ የክትትሉ ወጪ ከኪስ ይሆናል።

ተቀጣሪ ከሆነ የሕመም ፈቃድ ወረቀቱን በዚያው ቀን ይያዝ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይደርሳል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

ቤቱ ታማሚው ሳይመጣ ይታይ። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ የሚኖር፣ ዳሌው ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ሊፍት በሌለበት ደረጃ እንዴት ይወጣል? ለጥቂት ሳምንታት ምድር ቤት ያለ ዘመድ ጋ ማረፉ ይቀላል፤ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ተሸክሞ ማውረድና ማውጣት ታማሚውንም ተሸካሚውንም ይጎዳልና። ቁጢጥ ብለው የሚጠቀሙበት ሽንት ቤትም ለዳሌ ስብራት አይሆንም። መቀመጫው በክብ የተቀደደ ጠንካራ የእንጨት ወንበርና ከሥሩ ባልዲ ይበቃል፤ ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል።

ራሱን ማገላበጥ የማይችል ሰው አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይቀየር። መቀመጫው፣ ዳሌው፣ ተረከዙ በየቀኑ ይታይ። የቀላ ወይም የጠቆረ፣ ሲጫኑት ቀለሙ የማይለወጥ ቦታ ካለ ቁስሉ ጀምሯል ማለት ነው፤ አይታሽም፣ ክብደት ግን ፈጽሞ አይረፍበት። ተረከዝን ከፍራሹ ለማንሳት ትራሱ ከባት ሥር ይደረጋል። ከወገብ ሥር የሚደረግ የጎማ ቀለበት ዙሪያውን ደም እየከለከለ ያባብሳል።

ልብ ለደከመበት ወይም ደም ግፊት ላለበት «ጨው ቀንስ» ይባላል፣ ቤተሰቡም ወጡ ላይ ጨው መጨመር ያቆማል። ጨው ግን በርበሬውም ሽሮውም ውስጥ ወፍጮ ቤት ሳይደርሱ ገብቷል። ለታማሚው ጥቂት ኪሎ ሽሮና በርበሬ ያለ ጨው ለብቻ ማስፈጨት ያስፈልጋል፤ ምክሩ የሚሠራው ያኔ ነው። ልብ የደከመበት ሰው ጠዋት ከሽንት በኋላ ይመዘን፤ በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ እየያዘ ነውና ቀጠሮ ሳይጠብቅ ይታይ። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ፍሪጅ ከሌለው ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ውጭው በውኃ በራሰ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ጥላ ቦታ ያስቀምጠው።

ጠበልና ጾም የሚነሱት ብዙውን ጊዜ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው። ሐኪም ፊት የማይነሳው ጥያቄ ቤት ገብቶ መድኃኒቱን ያስቆማል፤ በግልጽ ቢነገር ይሻላል። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ስኳር ላለበት ሰው የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

ጠያቂ ይመጣል፣ መምጣቱም ጥሩ ነው። በቀን አስር ሰው ቡና ሲጠጣ ግን የምታስታምመው ልጅ እንቅልፍ አታገኝም። «ምን ልርዳሽ?» ያለ ጎረቤት የሌሊት ተራ፣ ልብስ ማጠብ ወይም ከሩቅ መድኃኒት ማምጣት ይሰጠው። ጉንፋን የያዘው ከደጅ ይመለስ።

ትንፋሽ ሲያጥር፣ ግማሽ ፊት ወይም አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲያዝ፣ ቁስል ሲከፈት ወይም መግል ሲያመጣ፣ ትኩሳት ሲነሳ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ሲያም ቀጠሮ አይጠበቅም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ በአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ይጠራል። ቁጥሮቹ ከመውጫ ማጠቃለያው ጋር አብረው ከአልጋው በላይ ግድግዳ ላይ ይለጠፉ፤ አምቡላንሱ ሲመጣ ወረቀቱም አብሮ ይሄዳል።