«አቦ፣ መብራቷን ብቻ አጥፋልኝ»

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው ጋራዥ ውስጥ በየሳምንቱ የምሰማው ነው፦ «አቦ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም፤ የኤርባጓን መብራት ብቻ አጥፋልኝ።» መብራቷን የሚያበራት እኮ ብልሽቱ ነው! ኤርባግ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚቀበል ከረጢት ነው። ቁልፍ ሲዞር ሲስተሙ ራሱን ይፈትሻል፤ መብራቷ ትበራና በብዙ ቶዮታዎች 6 ሰከንድ ያህል ቆይታ ትጠፋለች። አልጠፋ ካለች በግጭት ጊዜ ኤርባጉ ላይከፈት ይችላል። ጨርሶ ካልበራች ደግሞ ሰው ደስ ይለዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይሄኛው ነው።

አንድ ደንበኛ ያገለገለ ቪትስ ገዝቶ «ክላክሱ አይሠራም» ብሎ አመጣልኝ። ቁልፉን ባዞር የኤርባግ መብራት የለም። ዳሽቦርዱን ስፈታ ምልክቷ ላይ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፏል። የመሪውን መሀል ብከፍተው ባዶ! ኤርባጉ ድሮ ፈንድቶ፣ ክዳኑን ብቻ መልሰው ገጥመው ሸጠውለታል። ሰውየው ልጆቹን ጭኖ በደንገጎ ጠመዝማዛ ሐረር ሲመላለስ ከርሟል። ያን ቀን እጄ ተንቀጠቀጠ። ክላክሱና የሾፌሩ ኤርባግ የሚያልፉት መሪው ሥር ባለው በአንድ ስፓይራል ኬብል (ከመሪው ጋር በሚዞር ጥቅል ገመድ) ነው፤ ክላክስ ጠፍቶ የኤርባግ መብራት ከበራ መጀመሪያ እሱን አስፈትሹ።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከዚህ ይቀላል። ወንበር ሥር ያለው የኤርባግ ቢጫ ሶኬት መኪና ሲታጠብ ወይም ወንበር ሲገፋ ይላላል። ቢሆንም ራሳችሁ አትነካኩት። ቶዮታ ላይ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ ቢጫ ገመድ አይነካም፤ በቴስተርም አይለካም፣ ሊፈነዳ ይችላል።

«ማንም ሳይቀመጥ የቀበቶው ማስጠንቀቂያ ይጮኻል»፦ ከአወዳይ የጫናችሁትን ጫት ከፊት ወንበር አንሱት። ወንበሩ ክብደት ሲሰማው ሰው የተቀመጠ ይመስለዋል።

«ኤርባግ ካለ ቀበቶ ምን ያደርጋል?» ኤርባግ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ተነፍቶ ያልቃል። ቀበቶ ያላሰረ ሰው ፍሬን ሲያዝ ወደ መሪው ተወርውሮ፣ ገና እየተነፋ ያለውን ኤርባግ በፊቱ ይቀበለዋል። ኤርባግ የተሠራው ለቀበቶው ተጨማሪ እንዲሆን ነው። ጩኸቷን ለማፈን የቀበቶ ምላስ ብቻ ገዝታችሁ የምትሰኩ፣ እባካችሁ ንቀሉት።

ያገለገለ መኪና የምትገዙ ደግሞ፣ በድሬ ፀሐይ ዳሽቦርድ አይታይምና መኪናዋን ጥላ ሥር አስቁሙ። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን አዙሩና መብራቷን ተመልከቱ። በርታ ካልጠፋች ወይም ጭራሽ ካልበራች፣ የመሪው ክዳን ተከፍቶ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።