የናፍጣ ሚኒባስ የሞተር ዘይት ግፊት ክትትል

የሞተር ዘይት ግፊት ክትትል ማለት፣ ሞተሩ በሥራ ላይ ሳለ ዘይቱ ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ወደሚሸከሙት ማረፊያዎች፣ ማለትም ኩሽኔታዎች፣ እና ወደ ሌሎቹ የሚሽከረከሩ የሞተር ክፍሎች በምን ያህል ኃይል እየደረሰ እንደሆነ በመብራት ወይም በጌጅ (ግፊቱን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) መከታተል ነው። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ሕዝብ የሚያመላልሱት የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች፣ በተለምዶ ዶልፊን እና አባዱላ የሚባሉት፣ በብዛት የናፍጣ ሞተር ያላቸው በመሆናቸው ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ የተንጠለጠለበት ነው።

የዘይት ፓምፕ ዘይት ይገፋል እንጂ በራሱ ግፊት አይፈጥርም። ግፊቱ የሚመጣው የተገፋው ዘይት በክራንክሻፍቱና በኩሽኔታው መካከል ባለው፣ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ በሚያንስ ክፍተት ውስጥ ሲያልፍ ከሚገጥመው እንቅፋት ነው። ስለዚህ ኩሽኔታው ተበልቶ ክፍተቱ ሲሰፋ፣ ዘይቱ በሙቀት ሲቀጥን፣ ወይም ከተበላሸ የነዳጅ መርጫ የሚንጠባጠብ ናፍጣ ዘይቱን ሲያቀጥነው ግፊቱ ይወርዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ግን ዘይቱ ወፍራም ስለሚሆን፣ ያረጀ ሞተር እንኳ ጠዋት ጠዋት ጤነኛ መስሎ ይታያል።

2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል በሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝግ ያለ ዙር ሲዞር ግፊቱ ቢያንስ 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ያህል መሆን ይኖርበታል፤ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ደግሞ ከ2.5 እስከ 6 ባር ይጠበቃል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ ጀበና የሚመስለው ቀይ መብራት የሚበራው ግፊቱ ወደዚህ ዝቅተኛ ልክ ሲቃረብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 ባር በታች ሲወርድ ነው። በፍጥነት እየተጓዘ ያለ፣ ቢያንስ 2.5 ባር የሚያስፈልገው ሞተር ግፊቱ ወደ 1 ባር ቢወርድበት ኩሽኔታዎቹ እየተጎዱ መብራቱ ጠፍቶ ይቆያል ማለት ነው። መብራቱ የሚናገረው ግፊቱ ሊያልቅ መቃረቡን እንጂ መቀነስ መጀመሩን አይደለም፤ የጌጅ ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ጌጅ ሲገጠም ብዙውን ጊዜ የመብራቱ ስዊች ይወጣና በቦታው ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ ገብቶ ስዊቹም የጌጁ ሴንሰርም አብረው ይታሰራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻው የመገጣጠሚያው ጥርስ (የብሎን ዓይነት ጠመዝማዛው) ነው። የቶዮታው ቀዳዳ የእንግሊዝ ልክ የሆነ፣ በኢንች 28 ጥርስ ያለው ሲሆን፣ በገበያ ከሚገኙት ጌጆች ብዙዎቹ የሚመጡት በኢንች 27 ጥርስ ባለው በአሜሪካው ልክ ነው። ሁለቱ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በእጅ ሲጀመሩም ጥቂት ዙር ይገባሉ፤ በቁልፍ ሲጠብቁ ግን ጥርሱ ይበላል ወይም ዘይት ያንጠባጥባል። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው በዚያው ጥርስ በኩል ስለሆነ፣ ቴፍሎን ቴፕ ከበዛበት ጌጁ የተሳሳተ ንባብ ያሳያል።

ከሁሉም ንባቦች የሚበልጠው ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ የሚታየው ነው። ከአባይ ድልድይ ተነሥቶ ሰው ሞልቶ በዝቅተኛ ማርሽ ወደ ደጀን የወጣ ሚኒባስ፣ ዳገቱን ጨርሶ ሲቆም መርፌው የት ላይ እንደሚያርፍ መመዝገብ ይገባል፤ ባለፈው ወር 1 ባር ላይ ያርፍ የነበረ መርፌ ዛሬ በዚያው ዘይትና በዚያው መንገድ 0.6 ላይ ካረፈ፣ ልኩ ገና ባይጣስም ሞተሩ እየተበላ ነው።

በሃይኤስ ሞተሩ ያለው ከሹፌሩና ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው። የዘይቱን መጠን በመለኪያው ዘንግ ለማየት ወንበር ማንሣት ስለሚጠይቅ፣ ተሳፋሪ በሚጣደፍበት ሰዓት ሥራው ለነገ ይተላለፋል። በጉዞ ላይ መብራቱ ከበራ ደግሞ ሹፌሩ ዳር ይዞ ወዲያውኑ ሞተሩን ማጥፋት አለበት፤ በእነዚህ ሞተሮች የዘይት ግፊት ስለጠፋ ብቻ ናፍጣ መረጨቱን አያቆምም፣ ሞተሩም እስኪነክስ (ተጣብቆ መዞር እስኪያቆም) ድረስ ይዞራል። መብራቱ በሚኒሞ ብቻ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሞተር ለማውረድ ከመወሰን በፊት በመካኒካል ጌጅ ማረጋገጥ ይገባል፤ ስዊቹ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላልና።

ግፊት ሲወርድ 15ደብልዩ-40 ከሚባለው የዘይት ውፍረት ደረጃ ይልቅ ወፍራም ዘይት የመሙላት ልማድ አለ። ይህ መርፌውን ከፍ ያደርጋል፤ የሰፋውን ክፍተት ግን አያጠብም፤ በታኅሣሥ ብርድ ሞተር ሲነሣም ዘይቱ ኩሽኔታው ጋ ዘግይቶ ይደርሳል። ያገለገለ ሚኒባስ የሚገዛ ሰው ሞተሩን ራሱ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሥቶ፣ ከዚያም አሙቆ ግፊቱን ቢለካ ይህን ዓይነቱን መሸፈኛ ይደርስበታል።

የጌጁን ንባብ የሚያረጋግጠው ከሞተሩ የወጣው ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ነው። ፊልትሮው ተቆርጦ ወረቀቱ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲዘረጋ የናፍጣ ሞተር ዘይት ጥቁር መሆኑ አያስደነግጥም፤ በጥቀርሻ ምክንያት ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራልና። በእጥፋቶቹ መካከል የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ብናኝ ከታየ ግን ዘይት ወይም ፓምፕ መቀየር አይበቃም፤ ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ ወርዶ ኩሽኔታዎቹ መታየት አለባቸው።