«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ብዙውን ጊዜ የሚባለው ለማጽናኛ ነው። ነገሩ አልሳካ ያለውን ሰው «አይዞህ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉታል። እሱም «እንግዲህ መጠበቅ ነው» ብሎ ቁጭ ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም።

ምንጩን እንየው። ምሳሌው የተቀዳው ከታቀፈች ዶሮ ነው። እንቁላል መደርደሪያ ላይ ዓመት ቢቀመጥ ይገማል እንጂ አይሄድም። እግር የሚያወጣው ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ስታሞቀው ነው። ማሞቅ ብቻም አይደለም፤ በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጠዋለች። ካልተገላበጠ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ከውጭ ላየው ሰው እንቁላሉ ያው እንቁላል ነው። ውስጡ ግን በ3ኛው ቀን ልብ እየመታ ነው። ብዙም ሳይቆይ እግርና ክንፍ ማቆጥቆጥ ይጀምራሉ። መጨረሻ ላይ ጫጩቱ ቅርፊቱን በምንቃሩ ሰብሮ ይወጣል። ይህ ትግል ብቻውን ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከወጣ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይራመዳል።

ስለዚህ «ቀስ በቀስ» ማለት ዝም ብሎ መጠበቅ ሳይሆን በየቀኑ ትንሽ መሥራት ነው። ደግሞም እያገላበጡ።

አባባሉ ጥሩ አድርጎ የሚገጥማቸው ሰዎች ጥቀስ ብባል፣ ለታናናሾቻቸው ስለ ተፈጥሮ የሚያስተምሩ ተማሪዎችን እጠቅሳለሁ። የመጀመሪያው ቀን መቼም ይታወቃል። ትልቁ ልጅ ያጠናውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል፤ ፎቶሲንተሲስ፣ ክሎሮፊል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ትንንሾቹ ደግሞ ከእግራቸው ሥር የሚሄደውን ጉንዳን እያዩ ነው። እውነቱን ለመናገር ጉንዳኑ ይሻላል።

ያንኑ ትምህርት በዚያው መልክ ቢደግመው ለውጥ አይመጣም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ከጉንዳኑ ይጀምራል። «ስንት እግር አለው?» ይላቸዋል። አንዱ ስምንት ይላል፣ ሌላዋ ስድስት። ቆጥረው ይከራከራሉ፤ ከዚያ ሸረሪት ፈልገው ያወዳድራሉ። እያደር ልጁ ከሁሉ ከባዱንም ይለምዳል፦ ጠይቆ ዝም ማለትን።

አንድ ቀን ደግሞ «ለምንድነው ተሰልፈው የሚሄዱት?» ይሉታል። አያውቀውም። ሄዶ ያነባል፤ መሬት ላይ የተተወ ሽታ እየተከተሉ መሆኑን ያገኛል። የመጀመሪያው ቀን ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ያነበንብላቸው ነበር። አሁን ግን መስመሩን አንድ ቦታ ላይ በእርጥብ ጨርቅ ያስጠርጋቸዋል። ጉንዳኖቹ እዚያ ሲደርሱ ይደናገራሉ፣ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ልጆቹ ምክንያቱን ራሳቸው ይደርሱበታል። ወዲያው «ዝናብ ሲዘንብስ?» ይሉታል። እሱም ለሚቀጥለው ጊዜ የቤት ሥራውን ይዞ ይሄዳል።